ፍርስራሹን ይመልሱ ለተባልኩበት ትእዛዝ የቀረበ ምስጋና

ሐይቅ፣ የካቲት 2015 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሙዓዝ
የሾላ ሥር መንደር የልማትና የውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ከግቢዬ ያነሣሁትን ድንጋይ መልሼ ግቢዬ ውስጥ እንድከምር የተሰጠኝን ትእዛዝ ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደኅና እንዲሆን ዱዓዬ ነው፤ ዓይንዎን ለይቼ ያነሣሁት በአጥሬ ላይ አሻግረው ግቢዬን ሲመለከቱ ደጋግሜ ስላየሁዎትና በዚህ ወር ፀሐዩ ስለሚበረታ ነው። ቤተሰብዎም፣ ኮሚቴዎም፣ ከኮሚቴዎ ቀድሞ ድምፁ የሚሰማው ሞተር ሳይክልዎም በሰላም ይክረሙልን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ሣሩም ደኅና ነው።

ይህን ደብዳቤ በመናኸሪያው አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት የጻፍኳቸውን በእጅዎ አስረክቤ የት እንደገቡ ስላላወቅሁ፣ ይኸኛው ቢጠፋ እንኳ ሻይ የጠጣ ሁሉ እንዲመሰክርልኝ ብዬ ነው። እኔ ሂንድ አብዱልሃሚድ ውጫሌ ላይ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ስለ ራሴ መጻፍ የጀመርኩት እርስዎን ካወቅሁ ወዲህ ነው። ተጠራጣሪ መሆኔንም አልደብቅም። ባለቤቴ ኑርዬ፣ ፀሐይ በጠዋት ስትወጣ እንኳ ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው የምትይ ሴት ነሽ ይለኛል። ምን ፈልጋ እንደሆነ ግን እሱም እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ወደ መንደርዎ እንዴት እንደመጣን ሻይ ቤቱ የሚያውቀው ስላልመሰለኝ ባጭሩ ልጻፈው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ውጫሌ ሲደርስ ከባድ መሣሪያ ቤታችን ላይ ወደቀ። ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ እስከ ዛሬ የነገረን የለም፤ ሁሉም እኔ አይደለሁም ይላል። ልጃችን ኢንሳፍ እዚያው ቤት ውስጥ ሞተች። ኑርዬ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር፤ እሱን ከጣሪያው ሥር ጎትተን አወጣነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኑርዬ ቀን ቀን ጣሪያ ሥር አይቀመጥም። ሌቱን እንደምንም ፊቱን ሸፍኖ ያሳልፈዋል እንጂ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ እስኪመሽ ድረስ ደጅ ነው፤ ሲዘንብም ጃንጥላ ይዤለት ከጎኑ እቀመጣለሁ። ለመሆኑ ይቺ ሴትዮ ስለ ግቢ ሣር ይህን ያህል ምን አስጨነቃት ብለው ለጠየቁ የኮሚቴ አባላትዎ መልሴ ይኸው ነው። ለሌላው ሰው ግቢ የቤቱ ፊት ነው፤ ለኑርዬ ቤቱ ራሱ ግቢው ነው።

ጂዳ ያለው ወንድሜ ሙአዊያ ይህን ስለሚያውቅ፣ ከለውጡ በፊት ሠርቶ ዘግቶት የሄደውን ቤት ግቡበት አለን። በስልክ የላከልኝ የድሮ ፎቶ ላይ ከበሩ እስከ ሾላው ድረስ አረንጓዴ ሰርዶ ተነጥፎ ይታያል። በዚያው ዓመት በጥር ስንደርስ ግን ከበሩ እስከ ሾላው ድረስ ድንጋይ፣ የብሎኬት ስባሪና የተጣመመ ብረት ተከምሮ አገኘነው። ክምሩ ከመስኮቱ በላይ ነበር። ኑርዬን ያስቀመጥኩት በክምሩና በአጥሩ መካከል በቀረችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው፤ እዚያ ሆኖ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያን ፍርስራሽ ፊት ለፊት ያያል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ባለቤቱ በሌለበት ግቢ ይህን ሁሉ ንብረት አንድ ጠጠር ሳይጎድል ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ግን አንድ ሳይሆን በመላሾቹ ቁጥር ልክ ነበር። የመንደሩ ጥበቃ ጦርነቱ ያመጣው ነው አለ፤ ባለ ሱቁ ከድሮም የነበረ ነው አለ። ጎረቤቴ ተሾመች ደግሞ ገና አፌን ስከፍት፣ «እስጢፋኖስን፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም እታለሜ» ብላ ወሬውን ወደ ሽንኩርት አዞረችው። ሳይጠየቅ የሚምል ሰው ሲገጥመኝ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ መጥተው፣ «አብሽሪ እትዬ ሂንድ፣ ይኼ ጦርነቱ ያፈረሰው የሕዝብ አዳራሻችን ነው፤ እዚህ ጎን ካለው ባዶ ቦታ ላይ ነበር የቆመው» ብለው አስረዱኝ። አዳራሹ እዚያ ቆሞ ፍርስራሹ እዚህ እንዴት ተገኘ ብዬ ስጠይቅ ፍንዳታው ወርውሮት ነው አሉኝ። በመካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር አንድም ቦታ አልተጎረበጠም። አዳራሽ የሚያህል ነገር አጥር ዘሎ፣ ያውም በሥርዓት ተከምሮ ሲያርፍ ከዚያ በፊት ሰምቼ ስለማላውቅ ዕውቀቴን ስላሰፉልኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ እንግዶችዎ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሰደርያ የለበሱ የእርዳታ ድርጅት እንግዶችን የጫኑ ነጫጭ መኪኖች በራችን ላይ ሲደረደሩ፣ ደሴና ወልድያ መካከል የሚያልፍ ሁሉ እኛ ዘንድ ለቅሶ ያለ እየመሰለው ገብቶ ይጠይቀን ነበር፤ ለዚህ የሰው ፍቅር ምክንያት ስለሆኑን ባለውለታችን ነዎት። ክምሩ ላይ ቆመው እዚህ ላይ መድረኩ፣ እዚህ ላይ ቤተ መጻሕፍቱ፣ እዚህ ላይ የወጣቶች መዝናኛው ነበር እያሉ አየሩን በእጅዎ ሲያካፍሉ እኔ ራሴ ለትንሽ ጊዜ መጻሕፍቱ ታይተውኛል። ከዚያ ወደ ኑርዬ ዞረው፣ «አባባ፣ እስኪ ወደ ድንጋዩ ጠጋ ይበሉልን» አሉት፤ ጋቢውንም በገዛ እጅዎ ከትከሻው ዝቅ አደረጉት። እሱ ሰው ያለውን የሚያደርግ ገር ሰው ነውና ተጠጋ። ድንጋዩን ሲነካ አለቀሰ፣ እንግዶቹም ፎቶ አነሡት። ክቡር ሆይ፣ ኑርዬ ያለቀሰው እውነቱን ነው። ያለቀሰው ግን ለእርስዎ አዳራሽ አልነበረም፤ እሱን ሳያውቁት ቀርተው ከሆነ አሁን ይወቁት፣ አውቀው ከሆነ ደግሞ እኔ ይቅር የምልበት አቅም የለኝም።

3ኛ. ስለ ጥናቱ። ክምሩ እንዲነሣልኝ ሦስት ጊዜም ይሁን አራት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለምኛለሁ፤ የጉዳት ጥናቱ እስኪጠናቀቅ አንድ ድንጋይ እንዳይነካ ተባልኩ። በግንቦት ኑርዬ ከመተላለፊያዋ ሲወጣ ብሎኬቱ ተንዶ ጣለውና እጁ ተሰበረ። ወጌሻው እጁን በቀርከሃ ሲያስር እኔ እንደገና ቢሮዎ መጥቼ የሰው እጅ በጥናቱ ውስጥ ይገባ እንደሆነ በትሕትና ጠየቅሁ። ጥናቱ የሕንፃ ብቻ መሆኑን ሳይሰለቹ አስረዱኝ።

4ኛ. ጅጌ ስላስጠሩኝ። እርስዎ የከተማ ሰው ሆነው ረስተውት ከሆነ፣ በእኛ አገር አቅም ያጣ ሰው ጅጌ ይጠራል፤ የተጠራውም ዶማውን ይዞ ይመጣል፣ ለምን ተጠራሁ ብሎም አይጠይቅም። እኔ ግን ጠርቼም ተጠራጥሬያለሁ። ማንም አይመጣም ብዬ ንፍሮውን በትንሽ ድስት ጣድኩ። በማግሥቱ የመንደሩ ሰው ግቢውን ሞላው፤ የተሾመች ባል አምሳሉ የአህያ ጋሪውን ይዞ መጣ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ኸሚስ የሚባል የኑርዬ የድሮ ወዳጅ ከነልጆቹ መጣ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ አምሳሉም ባርኔጣውን አውልቆ አሜን አለ፣ ሥራው ተጀመረ። ንፍሮው አልበቃም፤ ተሾመች ከቤቷ ሌላ ድስት አምጥታ ሸፈነችልኝ። ሥራ ላይ ከዋሉት ውስጥ ሁለቱ የእርስዎ የኮሚቴ አባላት ነበሩ፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ መልካም ስላደረጉ ብቻ እንዳይቸገሩብኝ እፈራለሁ።

ሌላው ሲጭን እኔ መሬት ተቀምጬ ፍርስራሹን እበረብር ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። የውጫሌውን ቤታችንን ድንጋይ አንድ በአንድ ያገላበጥኩ ሴት ነኝና የጦርነት ፍርስራሽ ምን እንደሚመስል በእጄ አውቀዋለሁ። የጦርነት ፍርስራሽ ውስጥ የሰው ነገር አለ። የቀለጠ ማንኪያ አለ፣ ግማሽ ጀሪካን አለ፣ ከሰል የሆነ የበር ጉበን አለ፣ ማበጠሪያ አለ። የኢንሳፍን አንድ ነጠላ ጫማ ያገኘሁት እንደዚያ ስበረብር ነው፤ ሁለተኛውን እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ። ከእርስዎ ክምር ውስጥ ግን ጥቁር የሆነ እንጨት የለም፣ የጥይት ቀለህ የለም፣ የሰው ቁልፍ እንኳ የለም። ከዚያ ሁሉ ቤተ መጻሕፍት አንዲት የተቀደደች ገጽ አልወጣችም። ድንጋዩ ላይ የነበረውም የዶማ ምልክት ነው። አንድ የሰው ዕቃ ብቻ ከሥር አግኝቻለሁ፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ።

ይህን ለተሾመች ሳሳያት መጀመሪያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣትና እውነቱ አብሮት ወጣ። በለውጡ ሰሞን፣ ሁሉም ነገር አዲስ ይሁን በተባለበት ዓመት፣ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የነበረውን የድሮ የእህል መጋዘን እርስዎ በከበሮና በእልልታ አስፈርሰውታል፤ በምትኩ አዳራሽ ይሠራል ተብሎ ነበር። ድንጋዩ ለሥነ ሥርዓቱ ድንኳን መተከያ ቦታ ስለያዘ፣ ጂዳ ያለ ሰው ግቢ ለጊዜው ይቀመጥ ብለው በሩን አስከፍተው አስገቡት። ድንኳኑ ተነቀለ፣ አዳራሹ አልተተከለም፣ ድንጋዩም በዚያው ቀረ። ጦርነቱ መጥቶ ሲያልፍ ደግሞ ያልተሠራው አዳራሽ የፈረሰ አዳራሽ ሆነ። ክቡር ሆይ፣ በአገራችን ቤት ሳይሠሩ ያስመረቁ ብዙ አይቻለሁ፤ ሳይሠሩ ያስፈረሱ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።

ተሾመችን ለምን ዝም አልሽ ብዬ ተቆጥቻታለሁ። እሷም እንግዶቹ ካመኑ አዳራሹ ይሠራልናል፣ ልጆቻችንም መጽሐፍ የሚያነቡበት ያገኛሉ ብለውን ነበር ብላ አቀርቅራ መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ መንደሩን መቆጣት አቃተኝ። ያን ሁሉ ሰው ዝም ያሰኘው ክፋት ሳይሆን ተስፋ ነው፤ ተስፋውን ደግሞ የያዙት እርስዎ ነዎት፣ ምን እንዳደረጉበትም አንድ ቀን ለእነሱ እንደሚነግሯቸው አምናለሁ። አምናለሁ ያልኩት ለአክብሮት ነው።

ድንጋዩ ከተነሣ በኋላ ስላለው ልጻፍልዎ፤ የውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነዎትና ይመለከትዎታል። መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ነበር። ቆፍረን፣ ብርጭቆውንና ምስማሩን በወንፊት ነፍተን፣ የከብት ፍግ ደባለቅንበት። ስንቆፍር የድሮው ሰርዶ ሥር ከዚያ ሁሉ ድንጋይ በታች ነጭ ክር ሆኖ አልሞተም ነበር። በእውነት እላለሁ፣ እሱን ሳይ እኔ ተጠራጣሪዋ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሐምሌ ኸሚስ ከአርዲቦ ዳር ሰርዶ ከነአፈሩ እየቆረጠ በባጃጅ ላከልን፤ ቁራሹን እያራራቅን ተከልንና በእግር መጠቅጠቅ ሲያስፈልግ ኑርዬ ሳይጠራ መጣ። ጫማውን አወለቀ። እጁ ገና እንደታሰረ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየረገጠ ሲሄድ ዋለ፤ ከጥቅምቱ ወዲህ ሥራ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው። መስከረም ላይ ሣሩ ተያይዞ አንድ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ኑርዬ ሣሩ ላይ ተጋድሞ፣ «ኢንሳፍ እዚህ ብትሆን ባዶ እግሯን ነበር የምትውለው» አለኝ። ስሟን ከጠራ ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔ ደስታ እንኳ ሲመጣ ማን በሩን እንደከፈተለት የማጣራ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አላጣራሁም።

ክረምቱን እንግዳ አልነበረም፤ እርስዎም አልነበሩም። ከጥር ወዲህ ደግሞ አጥራችን ላይ ዓይንዎን ማየት ስጀምር እንግዳ ሊመጣ መሆኑን ለኑርዬ ነግሬው ነበር። እንደጠረጠርኩት ሰኞ ዕለት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደረሰኝ። ያለ ፈቃድ ያነሣሁትን የጦርነት ጉዳት ማስረጃ እስከ መጪው ሐሙስ፣ ማለትም እንግዶችዎ እስከሚገቡበት ቀን፣ ወደ ነበረበት ቦታ እንድመልስ፣ ባልመልስ ግን ግቢው ለሕዝብ ጥቅም እንደሚወሰድ ይገልጻል። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በጸሐፊነት ዘመኔ ሣር በድንጋይ ይሸፈን የሚል የውበት ኮሚቴ ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ የፊደል ስሕተት መስሎኝ ነበር።

ትእዛዙን በአግባቡ እንድፈጽም ጥቂት ነገሮች ቢያብራሩልኝ። ድንጋዩ ሲመለስ ቤተ መጻሕፍቱ የነበረው ከመድረኩ በስተቀኝ ነው ወይስ በስተግራ? አጥሩን በእጃችን እናሻግረው ወይስ ፍንዳታ ከእርስዎ ይመጣልን? ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለስ ከተባለስ የኑርዬ እጅም ተመልሶ ይሰበር ወይ? እሱን የሚሠራ የኮሚቴ አባል ካለ ከነመታወቂያው ይላኩልኝ፤ ያለ መታወቂያ በር አልከፍትም።

ድንጋዩን በተመለከተ አምሳሉ በጋሪው ወስዶ የት እንዳደረሰው ሊያውቁ ይገባል። በዝናብ ጊዜ ባጃጅ እየሰመጠበት መከራ ያሳየን የነበረው፣ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ያለው ቦረቦር በእሱ ተሞልቷል። በጥቅምት መንገዱ ስለተስተካከለ ኮሚቴውን ያመሰገነ ሹፌር ነበር፤ ምስጋናውን በፈገግታ ሲቀበሉ ከሱቁ ደጅ ቆሜ አይቼዎታለሁ። ሐሙስ ዕለት እንግዶችዎ ቢሮዎ ድረስ ሳይንገጫገጩ ሲደርሱ በአዳራሹ ላይ እየነዱ መሆኑን ቢነግሯቸው ደስ ይላቸዋል።

አሁን ቀልዱን ልተወው። የፈረሰ ቤት ለማየት ለሚመጡ ሰዎች የፈረሰ ቤት አለኝ። ውጫሌ ነው፣ እንደወደቀ ነው ያለው። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ሰደርያ የለበሰም ያልለበሰም፣ ፎቶ የሚያነሣም የሚቆጥርም አንድ ሰው መጥቶ አላየውም። ኑርዬ በመኪና ጣሪያ ሥር ስለማይገባ አብሮ አይመጣም፤ እኔ ግን ከፊት ሆኜ እመራቸዋለሁ። ማንኪያው የቱ ጋ እንደተገኘ፣ ኢንሳፍ የቱ ጋ እንደነበረች አሳያቸዋለሁ። ማስረጃ ማለት እሱ ነው። ይህን ግቢ ግን አይነኩብኝም። ድንጋዩን አልመልስም፤ ኑርዬን ከሣሩ ላይ አስነሥቼ እንደገና ፍርስራሽ ፊት አላስቀምጠውም። ግቢውን ለመውሰድ ከመጡ እኔም ጅጌ እጠራለሁ፤ የሚመጣውን ሰው ያውቁታል።

ትዕግሥትዎ እንደ ጥናትዎ እንዳያልቅ፣ አዳራሽዎም ከመፍረሱ በፊት አንድ ቀን እንዲሠራ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ አመለካከትዎ፣ በተለይም ከአጥር በላይ ለሆነው፣ ጎንበስ ብዬ አክብሮቴን የማቀርብ፣ እምነቴን ግን ለጊዜው እኔው ዘንድ የማቆይ፣

ሂንድ አብዱልሃሚድ
የሾላ ሥር መንደር ነዋሪ፣ የሣር ባለቤት

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ተሾመች፣ ከእንግዲህ ሳትጠየቅ እንዳትምል፤
ለአቶ አምሳሉ፣ ሐሙስ ድንጋዩን መልስ እንዳይባል ጋሪውን አርቆ እንዲያቆም፤
ለሻይ ቤቱ ደንበኞች በሙሉ፤
ለጂዳው ወንድሜ ለሙአዊያ፣ ከሣሩ ፎቶ ጋር።

ማስታወሻ፦ ከክምሩ ሥር አገኘሁት ያልኩት የሰው ዕቃ አካፋ ነው። እጀታው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሪባን ታስሮበታል፤ ተሾመች እንዳየችው በዚያ የከበሮ ቀን እርስዎ አዳራሹን ሲያስጀምሩ ይዘውት ፎቶ የተነሡበት መሆኑን ነግራኛለች። ሣሬን የተከልኩት በእሱ ስለሆነ ስለ ውሰቱ አመሰግናለሁ። ሪባኑን አልፈታሁትም። ሐሙስ ከእንግዶችዎ ጋር ሲመጡ በሩ ላይ አስደግፌ እጠብቅዎታለሁና ይውሰዱት፤ ብዙም ያልሠራ ጥሩ አካፋ ነው። ውጫሌ ላይ ሥራ አለው።